ለቁም ሰው የተተከለ ድንኳን

አሰገደች ያገባችው ኮርቻ ሰሪ ነበር። ቡልጋ ያሉት ወንድሞቿ ይህን ሲሰሙ «ቆዳ ለሚነካ ሰው እህት የለንም፤ የፋቂ ሚስት ከሆንሽ ደጃችንን አትርገጪ» አሏት። እሷም አልረገጠችም። ባሏን ተክለወልድን ተከትላ፣ በአንዲት በቅሎ አንዴ እሷ አንዴ እሱ እየተፈራረቁ ተቀምጠው፣ አዋሽን ተሻግረው አርሲ ገቡ። አሰላ ያኔ ጥቂት ቤትና ብዙ ጉም ነበረች።

ለኮርቻ ሰሪ ከአርሲ የተሻለ አገር ከየት ይገኛል? ሰው ገበያ የሚሄደው በፈረስ ነው፣ ሙሽራ የሚያመጣው በፈረስ ነው፣ ለቅሶ የሚደርሰውም በፈረስ። ተክለወልድ እንጨቱን ይጠርባል፣ ቆዳውን ይወጥራል፤ አሰገደች በወስፌ እየበሳች በጠፍር ትሰፋለች፣ ከኮርቻው ሥር የሚገባውን ደላድል ሳር ትሞላለች። አንድ ባላባት «ሴት የሰፋችው ኮርቻ ላይ አልቀመጥም» ብሎ ያዘዘውን ኮርቻ ሳይወስድ ቀረ። በቅዳሜ ገበያ አሰገደች ኮርቻውን ተሸክማ ሄደችና፣ ባላባቱ ከሰው ጋር ሲጨዋወት፣ የራሱን ዳማ ፈረስ ጭና፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወጣችበት። ገበያውን ከላይ እስከ ታች ዞረችና ፊቱ አቆመችው።

«ይኸው ሴት ተቀምጣበታለች፤ አልወደቀችም። እርስዎ ከወደቁ ግን ጥፋቱ የኮርቻው አይደለም» አለችው።

ባላባቱ ከሳቁ የተነሳ እንባው መጣ። ኮርቻውንም ወሰደ። ከዚያ ወዲያ በዚያ አካባቢ ጥሩ ኮርቻ ሲታይ «የአሰገደች ነው» እየተባለ ይጠራ ነበር እንጂ የባሏን ስም ያነሳ አልነበረም። ተክለወልድም በዚህ አይከፋም፤ እንዲያውም ይኮራ ነበር።

እንዲህ ሆነው ኖሩ። ጣሊያን መጣ፣ ጣሊያን ሄደ። ከወለዷቸው ልጆች የተረፈችላቸው ውድነሽ ብቻ ነበረች፤ እሷም አግብታ አቦምሳ ወረደች። ባልና ሚስት ግራና ቀኝ ተቀምጠው በአንድ ቆዳ ላይ ጎንበስ እንዳሉ አረጁ።

ተክለወልድ የሞተው በኅዳር ነው፣ ገብስ በሚታጨድበት ጊዜ። እድሩ ጥሩምባ አስነፋ፣ ድንኳን ተከለ፣ ሰፈሩም ሦስት ቀን አብሯት ተቀመጠ። በአራተኛው ቀን ድንኳኑ ተነቀለ። አሰገደች አርባውን አወጣች፤ ዓመቱ ሲደርስ ሙት ዓመቱንም ወጉ ሳይጎድል፣ እሷው እያዘዘች አወጣች። ሰው ሁሉ «አይ አሰገደች! እንዴት ያለች ጠንካራ!» እያለ በልቶ ጠጥቶ ተመለሰ። የተዋሰችውን ድስትና ጋን ሁሉ አጣጥባ ለየባለቤቱ መለሰች። ከዚያ መደብ ላይ አረፍ አለችና በዚያው ቀረች።

ሐዘን ቢሆን ታውቀው ነበር። ልጆች የቀበረች ሴት ናት፤ ሐዘን ያስለቅሳል፣ ይጮኻል፣ ደረት ያስመታል፣ ከዚያ ይወጣል። ይህኛው ግን አይጮኽም። እርጥብ ቆዳ ከራስዋ እስከ እግርዋ ተጠቅልሎባት፣ እላይዋ ላይ እየደረቀ የሚጨብጣት ይመስላት ነበር። ጠዋት እሳት ልታያይዝ ታስብና እንጨቱ ዘንድ መድረሱ የጭላሎን ተራራ እንደመውጣት ይሆንባታል። ወጥሮ የተተወ ቆዳ ግድግዳው ላይ ነበር፤ ታየዋለች፣ የማን እንደሆነ፣ ምን ሊሆን እንደተወጠረ ግን ማሰብ ትታለች።

የሰፈሩ ሰው ምክንያት ፈለገላት። አንዱ ቡዳ ነው አለ፣ ሌላው ውቃቢ ራቃት አለ። ቄሱ ጠበል ላኩላት፣ ጠጣች። ዳዊት ደገሙላት፣ ሰማች። ውድነሽ ከአቦምሳ በጭነት መኪና መጥታ «እማዬ፣ ቆላው ይሻልሻል፤ ይህ ብርድ ነው የገደለሽ፣ ከኔ ጋር እንሂድ» ብላ ለመነቻት። አሰገደች ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ልጅቱ ሕፃናት ትታ የመጣች ነበረችና እያለቀሰች ተመለሰች። ለመጣው ሁሉ ዝም፣ ለተባለው ሁሉ ዝም። ክፉው ምልክት ይኸው ዝምታዋ ነበር፤ የድሮዋ አሰገደች ብትሆን ግማሹን ሰው ከደጅ በመለሰችው።

በመጨረሻ ሰዉ አንድ ቃል ላይ ተስማማ፤ «እርጅና ነው» አለ። «ሰው ሲያረጅ ወደ አፈሩ ያያል፣ ምን ይደረጋል?»

ይህችን ቃል ያልወደደች አንዲት ጎረቤት ነበረች። ዙሀራ ትባላለች። ከስልጤ አገር የመጣች፣ ከአሰገደች አጥር ጋር በተጣበቀች ሱቅ ጨውና ጋዝ፣ መርፌና ክር የምትሸጥ። በየጠዋቱ የአሰገደችን ጣሪያ ታያለች፤ ጭስ ካልወጣ ትኩስ ነገር ይዛ ትገባለች። የራሷ እናት እንዲሁ ተኝታ «እርጅና ነው» እየተባለች፣ ማንም ጠጋ ብሎ «ምን ተሰማሽ?» ሳይላት አልፋ ነበር።

አንድ ቀን አሰገደች ከመደቡ ሳትነሳ «ዙሀራ፣ ያቺን ሳጥን ክፈቺ» አለቻት።

ዙሀራ ከፈተች። ከላይ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ ነበር።

«መገነዣዬ ነው። አንቺ ጋ ይቀመጥ። ቀኑ ሲደርስ ሰዎቹ ፍለጋ እንዳይቸገሩ።»

ይህን ስትል ድምፅዋ ጨው የምትገዛ ሰው ድምፅ ነበር። ዙሀራን ያስደነገጣት ይሄ ነው። ሳጥኑን ጓ! አድርጋ ዘጋችው።

«ወላሂ አልነካውም! እትዬ፣ እኔ የርስዎን መገነዣ አላስቀምጥም!» ብላ ወጣች።

ቀጥሎ የሆነውን አሰገደች የሰማችው ኋላ ነው። ዙሀራ እሑድ ዕለት እድሩ ወደሚሰበሰብበት ዝግባ ሥር ሄደች። እድሩ የሰፈሩን ክርስቲያንም እስላምም የሚቀብር ነበር፤ ሴት ግን በወንዶቹ ስብሰባ ተነስታ አትናገርም። እሷ ተነሳች።

«ዳኛ፣ ድንኳኑን ልዋስ ነው የመጣሁት።»

የእድሩ ዳኛ አቶ ይርሳው ደንብ አክባሪ፣ ድምፁ ጎላ ያለ ሰው ነበር። «ማን ሞተ? ጥሩምባ አልሰማንም» አለ።

«የሞተ የለም። እትዬ አሰገደች ግን እየሞቱ ነው። ሞተው ከምንቀመጥላቸው ሳይሞቱ እንቀመጥላቸው።»

ሰዉ ተጉረመረመ። ይርሳው እጁን አነሳ። «እድር ለሞተ ነው። ደንቡ ይኸው ነው። ለቁም ሰው ድንኳን መትከል ሟርት ነው፤ በሰፈሩ ላይ ሞት መጥራት ነው።»

«ታዲያ እስኪሞቱ እንጠብቅ?»

«እኛ አንጠብቅም፤ ጊዜው ራሱ ይመጣል። ይልቅ አንቺ ሱቅሽን ጠብቂ!»

ወንዶቹ ሳቁ። ዙሀራ ግን አልተቀመጠችም። «እኔ ስሞት ሦስት ቀን ከምትቀመጡልኝ በቁሜ አንድ ቀን ብትጠይቁኝ ይሻለኛል!» አለች። «የአሰላን ሰው ሁሉ ጠይቁ። እንዲህ የማይል አንድ ሰው ከተገኘ ምላሴን ቁረጡት!»

ምላሷን የቆረጠ የለም፤ ድንኳኑንም የሰጣት የለም።

በማግሥቱ ሰኪና ከገጠር ወረደች። ሰኪና የጭላሎ ግርጌ ሴት ናት፤ የአሰገደች እኩያ፣ ቅቤ ሻጭ። ከወጣትነቷ ጀምሮ ገበያ በመጣች ቁጥር ሸክሟን የምታሳርፈው አሰገደች ግቢ ነበር። አማርኛዋ ኦሮምኛ ኦሮምኛ ይላል፤ «እርስዎ» የሚባል ነገር አታውቅም፣ ዳኛውንም ቄሱንም «አንተ» ነው የምትለው። ዙሀራ የሆነውን ስትነግራት ቅቤዋን አስቀመጠች።

«ድንኳን ከለከሉ? ድንኳን ምንድነው? ሸራ አይደለም?» አለች። «ሸራ ፈልጊ። እኔ ሴቶች አመጣለሁ። እኛ አገር ሴት ስትበደል ሴቶች ሲንቄ ይዘው ይወጣሉ።»

«ግን እኮ ማንም አልበደላቸውም።»

«የበደሏት እነሱ ናቸው» አለች ሰኪና፤ «ማንም አልበደላትም የሚሉት።»

ሲንቄ የአርሲ ሴት ስታገባ ከእናቷ የምትቀበለው ቀጭን በትር ነው። በእሱ ማንንም አትመታም፤ ግን ሴቶች እሱን ይዘው በቆሙበት ወንድ አያልፍም።

አሰገደች በጠዋት ካስማ ሲመታ ሰማች። መጀመሪያ ሕልም መሰላት። ቀጥሎ የሰው ድምፅ፣ የምንጣፍ መጎተት፣ የድስት ክዳን። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ለማወቅ ፈለገች፤ ጋቢዋን ደርባ ግድግዳ እየያዘች ወጣች።

ግቢዋ ላይ ሸራ ተወጥሯል፤ የዙሀራ ወንድም ሽኩር እህል ከዲክሲስ የሚያመላልስበት መኪና ሸራ፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት። ከሥሩ የሰፈር ሴቶች ተቀምጠዋል። አጥሩ በር ላይ የገጠር ሴቶች በትራቸውን ይዘው ቆመዋል፣ ሰኪና ከፊት።

«ማን ሞተ?» አለች አሰገደች።

«ማንም» አለች ዙሀራ።

«ታዲያ ይሄ የምንድነው?»

«የርስዎ ነው፣ እትዬ። ልንቀመጥልዎ ነው።»

አሰገደች መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ደሟ ፈላ። «በቁሜ?» አለች። «በቁሜ ልታለቅሱብኝ ነው? እናንተ ሟርተኞች! ውጡ ከግቢዬ!» ጎንበስ አለችና የሸራውን ገመድ ይዛ ካስማውን ልትነቅል ታገለች። ካስማው ንቅንቅ አላለም። ክንዷ ተንቀጠቀጠ፣ ትንፋሿ አጠረ። ወስፌ በወፍራም ቆዳ ታሳልፍ የነበረች ክንድ ናት።

ሰኪና መጥታ አጠገቧ ቆመች፤ አልደገፈቻትም። «ጉልበት የለሽም» አለቻት። «መጀመሪያ ብዪ። ከዚያ ትነቅያለሽ።»

አሰገደች ቤት ገብታ በሩን በላይዋ ላይ ዘጋችው። ከበሩ ሥር የገብስ ገንፎ በቅቤ ትተውላት ነበር። ማታ ማንም ሳያያት፣ ያንን ካስማ ነቅላ የምትጥልበትን ቀን እያሰበች፣ ግማሹን በላች።

በሁለተኛው ቀን ሴቶቹ ስለ እሷ አላወሩም። ስለ ሠርግ፣ ስለ ጥጃ፣ ስለዘገየው ዝናብ ነበር ወሬያቸው። አንዷ ያንን የባላባቱን ታሪክ አነሳችና «በቀዩ ፈረስ ላይ ወጥታ...» ስትል፣ ከተዘጋው በር ኋላ ድምፅ መጣ።

«ዳማ ነው እንጂ ቀይ አይደለም! የማታውቂውን አታውሪ!»

ሴቶቹ ተያዩ። ማንም አልሳቀም፤ ተራኪዋም «ዳማ ነው» ብላ ቀጠለች።

በሦስተኛው ቀን አቶ ይርሳው ጥቂት ወንዶች አስከትሎ መጣ። ወሬው ከተማውን አዳርሶ ነበር፤ «የእነ ይርሳው እድር የቁም ሰው መቅበር ጀመረ» እየተባለ ይላገጥበታል።

«ሰፈሩን አሰደባችሁት!» አለ ከአጥሩ ውጪ። «ሸራውን አውርዱ!»

ሰኪና ምንም ሳትል ሲንቄዋን በሩ ላይ አጋደመች። ሌሎቹም አጋደሙ። ይርሳው ሊሻገር እግሩን ሲያነሳ ከኋላው የነበረ ዲሪባ የሚባል የእድሩ አባል ክንዱን ያዘው።

«ዳኛ፣ ይህን በትር አይሻገሩ» አለው። «እኔ እዚሁ የተወለድኩ ነኝ። አባቴ አልተሻገረውም፣ እኔም አልሻገረውም። እርስዎም ከተሻገሩ ብቻዎን ነዎት።»

ይርሳው እግሩን መለሰ፤ አፉን ግን አልመለሰም። «አንድ እግሯ ጉድጓድ ለገባ አሮጊት ነው ይህ ሁሉ?»

የቤቱ በር ተከፈተ። አሰገደች ወጣች። ጸጉሯ አልተበጠረም፣ ጋቢዋ መሬት ይጎተታል፤ አካሄዷ ግን የዚያች ገበያውን በፈረስ የዞረችው ሴት ነበር።

«ይርሳው!» አለች። አቶ የለም፣ ዳኛ የለም። «የትኛው እግሬ ነው ጉድጓድ የገባው? ናና አሳየኝ!»

«ወይዘሮ አሰገደች፣ እኔ እኮ...»

«ባሌን ቀብራችሁልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ሦስት ቀን ተቀምጣችሁልኛል፤ እሱንም እግዜር ይስጥልኝ። በአራተኛው ቀን ግን ድንኳናችሁን ጠቅልላችሁ ሄዳችሁ። እኔ መሞት የጀመርኩት በአራተኛው ቀን ነው። ያኔ ማን ነበር? ዓመት ሙሉ ስሞት ጥሩምባ የነፋልኝ ማን ነው?» የሸራውን ገመድ ጨበጠች። «ሸራው አይወርድም። የሚወርድ ቀንም የማወርደው እኔው ነኝ። አንተ ደንብህን ይዘህ መቃብር ቦታው ላይ ጠብቀኝ። ደግሞ ብርድ ልብስ ያዝ፤ ብዙ ትጠብቃለህ!»

ሰኪና እልልታዋን አቀለጠችው። ሌሎቹ ተከተሉ። ይርሳው ቆቡን አስተካክሎ ሄደ። አሰገደችም እዚያው ሸራው ሥር ተቀመጠች። ከሙት ዓመቱ ወዲህ ያላለቀሰችውን ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ዙሀራ በአንድ ወገን፣ ሰኪና በሌላው።

አመሻሽ ላይ ካስማዎቹን ነቀለች። አንዱን ራሷ፣ ሌሎቹን እየታገዘች።

ነገሩ በዚህ አበቃ የሚል ሰው ያንን በሽታ አያውቀውም። በማግሥቱ አሰገደች ከመደቡ መነሳት አቅቷት ነበር። ዙሀራ ስትገባ አፍራ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ያን ሁሉ ፉከራ ፎክራ መልሳ መተኛቷ አሳፈራት። ዙሀራ ግን «ምነው?» አላለቻትም። እሳቱን አያያዘች፣ ተቀመጠች፣ የሱቋን ወሬ አወራች፣ ሄደች። ከሰዓት ሌላዋ መጣች። ሴቶቹ ተራ ይዘው ነበር። ዲሪባም ይመጣ ጀመር፤ ምን እንደሚባል ስለማያውቅ በሩ ላይ ተቀምጦ «ዘንድሮ ውርጩ በረታ» ይላል፣ ቆይቶም ተነስቶ ይሄዳል። በሌላ ሳምንት መጥቶ ያንኑ ይላል። አሰገደች ከሁሉም በላይ የሱ አመጣጥ ይቀላት ነበር። ይርሳው አልመጣም። ሚስቱ ግን ትመጣለች፤ በጓሮ በኩል።

ሰኪና አንድ ቅዳሜ ኮርቻ ተሸክማ መጣች። «ባሌ ከዲሮ ሌላ ሰው ጋ አሠርቶ፣ ፈረሱ ጀርባው ገጠበ» አለች። «ስፊው።»

«አልችልም።»

«አልቸኩልም» አለች ሰኪና። ኮርቻውን በቤቱ መሐል ጥላው ሄደች። ወደ በር ለመሄድ እሱን መራመድ ግድ ነበር። አሰገደች ስንቴ እንዳደናቀፋት፣ ስንቴ እንደረገመችው! አንድ ጠዋት ግን ቁጭ ብላ አየችው። ስፌቱ ጠማማ ነበር፤ ደላድሉ ባንድ ወገን አብጦ በሌላው ጎድጉዷል። የዚህን አገር ፈረስ ጀርባ አይቶ የማያውቅ ሰው የሠራው ነው። ተናደደች። ወስፌዋን ፈልጋ አንዲቱን ስፌት ፈታች። በዚያን ቀን የሠራችው ያን ብቻ ነው። የቀረውን ለመጨረስ እስከ ፋሲካ ቆየች፤ ከዲሮም ፈረሱን በባዶ ጀርባው እየጋለበ ጠበቃት።

ክረምት ሲገባ፣ ጉሙ ለሳምንታት አልገለጥ ሲል፣ ያ ደረቅ ቆዳ እንደገና መጥቶ ጨበጣት። አሁን ግን አንድ ነገር ተምራ ነበር። ያገኘችውን ሰው ይዛ «ለዙሀራ ዛሬ ከብዶኛል በላት» ትላለች። ይህችን ቃል ማውጣት ይርሳውን ከመስደብ ይከብዳት ነበር፤ ሰውን «እጄን ያዙኝ» ብላ አታውቅማ። እያፈረችም ቢሆን ትላታለች። ይመጣሉም።

ጥቂት ዓመት ቆይቶ አበጋዝ የሚባል ሽማግሌ ጋሪ ነጂ ከቤት መውጣት አቆመ። ፈረሱ ሞቶበታል፣ ጉልበቱም ከድቶታል፤ ጨለማ ቤት ውስጥ ሰው አልፈልግም ብሎ ተቀምጧል። ሰዉ «እርጅና ነው» ማለት ሲጀምር አሰገደች ሰማች። ያን ዕለት ራሷም ደህና አልነበረችም። ቢሆንም ጎመን በድስት ይዛ ሄደች፤ ሳታንኳኳ ገብታ ተቀመጠች።

«ሂጂልኝ!» አላት አበጋዝ።

«አልሄድም።»

«ልሙትበት፣ ተዪኝ!»

«ይሞታሉ እንጂ፣ ማን ቀረ? ዛሬ ግን አይደለም። ጎመኑ እየቀዘቀዘ ነው፣ ይብሉ።»

አበጋዝ የጋሪ ነጂ ስድቡን አወረደባት። አሰገደች በስድብ የምትሸነፍ አልነበረችም። እየተሰዳደቡ ድስቱ አለቀ። በማግሥቱ እሷ፣ ቀጥሎ ዲሪባ፣ ቀጥሎ ሽኩር ሄዱ።

የእድሩ ደንብ ግን አልተለወጠም። በየዓመቱ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ፣ ወንዶቹ ሁሉ ባሉበት፣ አሰገደች ትነሳለች። «ለቁም ሰው የሚሆን ነገር ደንቡ ውስጥ ይግባ» ትላለች። ይርሳው ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ወዲያ ወዲህ ያያል፤ «መልካም፣ በሚመጣው ዓመት ይታያል» ይላታል።

«እሺ» ትላለች አሰገደች፣ ሳትቀመጥ። «በሚመጣው ዓመትም አለሁ።»